ይዞታዋ የማይታማ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ገዛ የተባለ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የገዛው ሌላ ሰው ዓመታት ሲነዳት የኖረችውን ነው። ዶላሩ በመንግሥት ተመን እስከ 1985 ዓ.ም. 2 ብር ከ7 ሳንቲም ቢሆንም ለግል መኪና ተብሎ የሚፈቀድለት ሰው ጥቂት ነበር፤ ፈቃዱን ያገኘውንም ቀረጡ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንዴ የገባች መኪና ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። የኤምባሲ ሠራተኛ ወይም የእርዳታ ድርጅት ባለሙያ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው ሲባል፣ ቀረጧን ከፍሎ የሚረከባት ሰው ቀድሞ ወረፋ ይይዛል። “የፈረንጅ መኪና” የሚባለው ማዕረግ የመጣው ከዚህ ነው፦ ዘይቷ በጊዜው የተቀየረ፣ ደብተሯ የተሟላ፣ ጎረቤት ተውሶ ያልነዳት። መኪና ባረጀች ቁጥር ትረክሳለች የሚለው የሌላው ዓለም ሒሳብ እዚህ አልሠራም። አምስትና ስድስት ዓመት ከተነዳች በኋላ በተገዛችበት ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የምትሸጥ ሞልታለች። ለልጅ ትምህርት ወይም ለቤት መሥሪያ ጥሪት ሆና የተያዘች መኪና ማየት ብርቅ አልነበረም።

የዚያን ጊዜ ገዢ አስተማማኝ የሚላት መኪና፣ ስትበላሽ የምትጠገነዋን ነው። አትበላሽም የምትባል መኪና መኖሯን ብዙም አያምንም። አሠራሯ ቀላል ከሆነ፣ መለዋወጫዋ መርካቶ ከተገኘ፣ አመሏን የሚያውቅ መካኒክ በአቅራቢያው ካለ በቂው ነው፤ የፋብሪካው ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። በ1967 ዓ.ም. ብዙ የግል ድርጅቶች ሲወረሱና የውጭ ምንዛሪ ሲጠብ፣ አስመጪ ያጣች መኪና የቱንም ያህል የተከበረ ስም ቢኖራት ከግቢ አትወጣም ነበር። ጎማዋ ተነቅሎ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች፣ ዶሮ የሚያድርባት ውድ መኪና በየሰፈሩ ትታያለች። አጠገቧ ርካሿ ቮልስ ትመላለሳለች።

ከዚያ ቀደም የከተማው ታክሲ ሰይቸንቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ፊያት 600። 633 ሲሲ የሆነው ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ፣ ራዲያተሩም እዚያው ከጎኑ ስለነበረ ዳገት ላይ ቶሎ ይግላል። የኋላ ክዳኑን ከፈት አድርገው የሚነዱ ሾፌሮች የሚያደርጉት ለትዕይንት አልነበረም። ሐረርና ድሬዳዋ ደግሞ የፔጆ አገር ናቸው፤ 404 እዚያ የሰውም የጫትም ተሸካሚ ሆኖ፣ ፈረንሳይ የቤት መኪናውን ማምረት በ1975 እ.ኤ.አ. ካቆመች በኋላ አሥርት ዓመታት ሠርቷል። ከከባዶቹ ኤንትሬ የሚባለው ፊያት 682 ራሱን የቻለ ታሪክ ስላለው እዚህ አይነሳም።

ቮልስ ግን ሊታለፍ አይችልም። የቮልስ ሞተር ውሃ አያውቅም። ራዲያተር የለም፣ የሚፈነዳ ቱቦ የለም፣ የሚያፈስ የውሃ ፖምፓ የለም፤ አራቱን ሲሊንደሮች የሚያበርደው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ይህ ለድርቅና ለረጅም መንገድ ተስማሚ ያደርጋታል፤ ነገር ግን ነፍሷ በአንዲት ቺንጋ ላይ ትንጠለጠላለች። ያቺ ቺንጋ ዲናሞውንም ስለምታዞር፣ ስትበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። “ባትሪ አልሞላም ማለት ነው፣ ቤት እደርሳለሁ” ብሎ የቀጠለ ሰው ቤቱ የሚደርሰው በጎታች መኪና ነው። ያወቀ ባለቤት ግን ቀይ መብራቱን ሲያይ ዳር ይዞ ይቆማል፤ ኮፈን ሥር ደግሞ ሁልጊዜ ትርፍ ቺንጋና መፍቻ አለው። የምትይዘው ዘይት 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ብቻ ነው። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ካልተለወጠ፣ የቫልቮቹ ክፍተትም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ካልተስተካከለ ችግሩ የሚጀምረው ከሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያላነበበ መካኒክ በጆሮው ያውቀው ነበር። ሞተሯን ለማውረድ የሚፈቱት ዋና ብሎኖች አራት ናቸው፤ ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መሬት ያወርዱታል። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ስትወጣ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ታላላቆቿ ቀድመዋታል፤ የመለዋወጫው አለመጥፋትም ከዚህ ብዛት የመጣ ነው።

ላዳ የመጣችው ከሶቪየት ጋር በመጣው ወዳጅነት ነው። መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ሲሆን፣ ቶልያቲ ላይ የተተከለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ሲጀምር ለሩሲያ ክረምትና ለኮረኮንች መንገድ አበርትቷታል። ላሜራዋ ወፍሯል፣ ከመሬት ከፍ ብላለች፣ የኋላ ፍሬኗ በጭቃ ከሚጎዳው ዲስክ ወደ ከበሮ ተለውጧል። ሞተሪኖው ባይሠራ ከፊት መከላከያዋ በኩል በሚገባ ማኒቬላ በእጅ ትነሳለች፤ ከፋብሪካ ስትወጣም መፍቻና መክፈቻ የሞላበት ቦርሳ ይዛ ነው። ይህ ሁሉ ሠሪዎቿ ራሳቸው ትበላሻለች ብለው እንደጠበቁ ያሳያል፤ ባለቤቱን ግን ባዶ እጁን አልተዉትም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ስትሆን ከጠዋት እስከ ማታ ሠርታ፣ ሌሊት ተጠግና፣ ጠዋት መንገድ ላይ ናት። መሪዋ ይከብዳል፣ ቤንዚን ትወዳለች፣ የካምሻፍቷ ጥርስ ቶሎ ይበላል። ሾፌሮቿ እነዚህን ሁሉ እየቆጠሩ ያማርሯታል፤ ልትሸጥ ነው ሲባል ግን ዋጋ አይቀንሱም።

ዲኤክስ የምትባለዋ ቶዮታ ኮሮላ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የወጣችው ትውልድ ናት። ከባለ አራት በር ኮሮላዎች መካከል በኋላ እግሯ የምትገፋ የመጨረሻዋ ነበረች። አራት ኬ የሚባለው 1290 ሲሲ ሞተር ከእርሷ ጋር ለአዲስ አበባ የተላከ ይመስላል። ብሎኩ የብረት፣ ቫልቮቹ በዘንግ የሚገፉ፣ ታይሚንጉ በሰንሰለት፤ ቺንጋው ተበጥሶ ፒስቶንና ቫልቭ የሚጋጩበት አደጋ አይደርስባትም። ኮፈኑን የከፈተ ሰው በሞተሩ ግራና ቀኝ መሬቱን ያያል፤ እጅ የማይገባበት ቦታ የለም። የቫልቭ ክፍተቷ ሞተሩ እንደጋለ አስገቢው 0.20፣ አስወጪው 0.30 ሚሊ ሜትር፤ የዲስትሪቢዩተሯ ፕላቲኖ 0.45። ቁጥሮቹን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ አንድ ጠመንጃ መፍቻና አንድ መለኪያ ይዞ ግማሽ ቀን ከሠራ ሞተሯ ድምፅ አጥፍቶ ይዞራል። የዚህች መኪና ዝና የተጋነነ አይደለም። የሚጋነነው የአንዳንዶቹ ባለቤቶች ቸልታ ነው፤ ምንም አትሆንም ብለው ዘይት ሳያዩ ከርመው በመጨረሻ እርሷን ይወቅሳሉ።

የሚገዛው ሰው ወደ ደላላው ሲሄድ ንግግሩን ቀድሞ ያውቀዋል። “ይዞታዋ አይታማም፤ ሞተሯ ወርዶ አያውቅም፤ በሴት የተያዘች ናት፤ ገብቶ መንዳት ብቻ ነው።” በሴት መያዟ ለሞተሩ ምን እንደጠቀመው የሚያስረዳ ደላላ ባይኖርም፣ ቃሉ ዋጋ ይጨምር ነበር። ብልህ ገዢ ግን ከደላላው ይልቅ የመኪናዋን ባለቤት ማየት ይፈልጋል። በር ሲዘጋ የሚወረውር፣ ፍሪሲዮን ላይ እግሩን ጭኖ የሚያወራ፣ የዘይቱን ልክ ሲጠየቅ ደላላውን የሚያይ ሰው መኪናዋን ምን እንዳደረጋት ሳይናገር ይናገራል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አያስፈልግም፤ የብዙዎቹ አምስት አሃዝ ብቻ ስለሆነ 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚያውቅ የለም። ከእርሱ ይልቅ የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ፣ የመሪው ልስላሴና የሾፌሩ ወንበር መጉደል ይታመናሉ።

መኪና የሚታየው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ገዢው መጀመሪያ እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፤ ከሞቀ፣ ችግሯን ለመደበቅ ቀድመው አስነስተዋታል። ከዚያ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈታል፤ ውሃው ላይ ዘይት የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ ወይም የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ከተገኘ የቴስታታው ጓርኒሲዮን አልፎበታል። ስትነሳ ጭሱ ይታያል። ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁሩ ካርቡራቶሩ ቤንዚን ማብዛቱን ያሳያል። ነጩ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ማንኛዋም ጤነኛ መኪና ጥቂት ደቂቃ ነጭ እንፋሎት ታወጣለች። የሚያስፈራው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆመው ነው። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን የእጅ ፍሬን ተይዞ ሦስተኛ ማርሽ ይገባና ፔዳሉ ይለቀቃል፤ ወዲያው ከጠፋች ደህና ናት፣ እየጮኸች ከቀጠለች ፍሪሲዮኗ አልቋል። የመጨረሻው ፈተና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለው ዳገት ነው፤ እዚያ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም።

ለቦዲው የኪስ ማግኔት ይበቃል። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። ጣሪያው ላይ ስቱኮ የተገኘባት መኪና ተገልብጣ ታውቃለች። የደጋው አየር ለላሜራ ደግ ነው፤ ምጽዋ፣ አሰብ ወይም ጅቡቲ የኖረች መኪና ግን የባሕር ጨው ከሥር ይበላታልና ወለሏን ምንጣፍ አንስቶ ማየት ግድ ነበር። ክረምትም የራሱን ይሠራል። በበሮቹ ሥር ያሉት ትንንሽ የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ ዝናቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀለሙ ከታች ያብጣል፣ ከዚያ ላሜራው ይፈረፈራል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ መክፈት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይልቅ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር በፊደል ሳይቀር መግጠም አለበት። ዕዳና እግድ እንደሌለባት መጣራት አለበት፤ ቦሎዋ መለጠፉም መታየት አለበት። ከሁሉ የከፋው በውክልና መግዛት ነበር። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለመሸሽ ሻጭ ለገዢ ውክልና ይሰጣል፤ ገዢም ለሌላ ሲሸጥ ያንኑ ውክልና ያስተላልፋል፤ መኪናዋ ሦስት አራት ሰው ዘንድ ደርሳ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። ሰውዬው ሲሞት ወራሾች ይመጣሉ፤ አራተኛው ገዢ ገንዘቡን ከፍሎ፣ መኪናዋን አድሶ፣ ፍርድ ቤት ይቆማል። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተፈራርሞ ስሙን ያዛወረ ሰው ያወጣው ገንዘብ ያኔ ቢቆጨውም፣ የተሻለው ርካሽ እርሱ ነበር።

ከግዢ በኋላ የሚመጣው ጥገና በአዲስ አበባ ከፍታ የሚገዛ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለባሕር ጠለል የተሠራ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይከብዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ጥሩ መካኒክ ካንዴላውን አውጥቶ ቀለሙን አይቶ ካርቡራቶሩን ያርመዋል፤ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ውሃም በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን የሚከለክለው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውስጡ ያለው ሞላ ግፊቱን ይዞ መፍላቱን ያዘገያል። ክዳኑ ሲያረጅ ወይም ጠፍቶ በጨርቅ ሲተካ፣ ሳንቲም የማይባል ዕቃ ቴስታታ ያጣምማል። ከከተማው ሞተሮች ምን ያህሉ በዚህች ክዳን እንደሞቱ የቆጠረ ባይኖርም፣ መካኒኮች መጀመሪያ የሚያዩት እርሷን ነበር።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ክፉ ልማድ ነበር። መኪና ጋለች በተባለ ቁጥር ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል። ለጊዜው መርፌው ይወርዳል፤ ባለቤቱም ይመሰገናል። ነገር ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቀዝቃዛ ከተማ ሙሉ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይኖራል፤ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱ ውስጥ ጭቃ ይጠራቀማል፣ ሲሊንደሩም በፍጥነት ይፋቃል። የጋለችበት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር ነው፤ እርሱ ግን አልተነካም። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ይህን ማድረግ ድርብ ኪሳራ ነበር።

ፍሬን የሚፈተነው ከከተማ ሲወጣ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ወለል ይነካበታል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ያ ውሃ ሲግል እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ግፊቱን አያስተላልፍም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ የሚለው መመሪያ ቅንጦት አይደለም። የቀድሞ ሾፌሮች ይህን ኬሚስትሪ ባያውቁም ሕጉን ያውቁት ነበር፦ ዳገት በወጡበት ማርሽ ቁልቁለት ይወርዳሉ።

የየዕለቱ ጥገና ግን ከዚህ ሁሉ ተራ ነው። ጠዋት ዘይትና ውሃ ማየት፣ የባትሪውን ውሃ መሙላትና ጫፎቹን ግራሶ መቀባት፣ አቧራ ያለበት መንገድ ከተሄደ የአየር ፊልትሮውን ማራገፍ፣ ጎሚስታው ዘንድ ነፋስ ማስለካት። ቅዳሜ ላቫጆ ይኬዳል፤ ግራሶም ይደረግላታል። አንዲት መኪና ሠላሳ ዓመት ከኖረች፣ ያኖራት ይህ አሰልቺ ሥራ ነው።

ትልቁን ሥራ መካኒኩ ይሠራዋል። ከእነርሱ መካከል ተግባረ እድ የተማሩ፣ ከጦር ሠራዊት ጋራዥ የወጡ፣ አስመራ ከጣሊያን ሥር ተለማምደው የመጡ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን በልጅነታቸው መፍቻ ሲያቀብሉ ያደጉ ናቸው። ባለመኪናው “ጋሼ” እያለ ይጠራቸዋል፤ እነርሱም መኪናዋን ከባለቤቷ ይልቅ ያውቋታል። ዕቃ የሚገዛው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። መካኒኩ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ የሚያስፈልገውን ይጽፍለታል፣ የተበላሸውንም ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለናሙና ያስይዘዋል። ከዚያ መንገዱ ወደ ሶማሌ ተራ ነው።

ሶማሌ ተራ ከተክለ ሃይማኖት በላይ፣ መርካቶ ዳር፣ የታረዱ መኪኖች አካል የተደረደረበት ሰፈር ነው። በር፣ ባውዛ፣ ካምቢዮ፣ ሙሉ ሞተር፣ አንድ ብሎን፤ የሌለ ነገር ከጎረቤት ሱቅ በልጅ ይመጣል። ገዢው ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፦ አዲስ የጃፓን፣ አዲስ “ታይዋን”፣ ያገለገለ ኦርጅናል። ልምድ ያለው ሰው ለኩሽኔታና ለውሃ ፖምፓ ሳይሳሳ የጃፓኑን ይገዛል፤ አቅም ካነሰው ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል ያገለገለውን ኦርጅናል ይመርጣል። ይህ ምርጫ ልክ ነበር፤ ደህና ብረት ግማሽ ዕድሜው ላይም ቢሆን ከመጥፎ አዲስ ብረት ይሻላል። ለላስቲክና ለፍሬን ሸራ ግን ያገለገለ መግዛት ራስን ማታለል ነው። የተሰረቀ ስፖኪዮም እዚያው ይገኛል፤ ማታ የጠፋበት ሰው ጠዋት የራሱን መልሶ የገዛበት ታሪክ ስለበዛ፣ ባለመኪኖች የታርጋ ቁጥራቸውን መስታወት ላይ ማስቀረጽ ጀመሩ፤ ልማዱ አሁንም አለ።

ጥገና የማይመልሰው ጊዜ ይመጣል። በሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት የምትጨርስ፣ ዳገት ላይ የምትለምን መኪና ሞተሯ ይወርዳል። ብሎኩ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄድና ሲሊንደሩ ይፋቃል፤ ፒስቶኖቹም በዚያው ልክ ወፍረው ይገዛሉ፣ 0.25፣ ቀጥሎ 0.50፣ 0.75፣ በመጨረሻ 1 ሚሊ ሜትር። ኮሎዶካው ይላጋል፣ ብሮንዚናና ፋሻ ይለወጣል። በዚህ ስሌት አንድ ብሎክ አራት ጊዜ ሊወለድ ይችላል፤ የአዲስ አበባ ዲኤክሶች ዕድሜ የተቆጠረውም በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ሮዳጅ አለ፦ የመጀመሪያው 1000 ኪሎ ሜትር በዝግታ፣ ጭነት ሳይበዛ፣ ዘይቱ በመሐል ተለውጦ። ብዙ እድሳት የተበላሸው ቶርኖ ቤት ውስጥ አልነበረም። ባለቤቱ ለወራት ከቆመችበት በወጣች ማግስት ቤተሰቡን ጭኖ ናዝሬት ሲወርድ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የገበያው መልክ ተለወጠ። ከዱባይ ቪትዝ፣ ከአውሮፓ ያሪስ መግባት ጀመረ። ቪትዝ በጃፓን መሪው በቀኝ ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ መሪው ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ለገዢው አዲስ ጥያቄ ተጨመረ፦ መሪው ከፋብሪካ ነው ወይስ የተዛወረ? ዳሽቦርዱ የሚንቃጨል፣ ሽቦው በቴፕ የተጣበቀ ከሆነ መልሱ ታውቋል። ካርቡራቶሩ በኮምፒዩተር ተተካ፤ ጆሮውን ያምን የነበረ መካኒክም ስህተት የሚያነብ መሣሪያ ያለው ልጅ ጠርቶ ማስነበብ ጀመረ። መሣሪያው ግን ዳሳሹ ተበላሸ ይላል እንጂ ሽቦው በአይጥ ተበልቶ እንደሆነ አይናገርም፤ እዚያ ላይ አሮጌው መካኒክ አሁንም ይፈለጋል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚጨምር፣ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የአዋጁ ዓላማ አሮጌ መኪና ማስቀረት ነበር፤ በተግባር ግን አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ምትክ የሌላት ሆነች። ስለዚህ በ1970ዎቹ የነበረው ጥያቄ፣ መለዋወጫ አላት ወይ፣ የሚያውቃት አለ ወይ፣ ማን ይዟት ነበር የሚለው፣ ዛሬ ለያሪስና ለኮሮላ ይቀርባል።

ጥገና የማያዋጣት መኪና ስትሸጥ የሚገዟት አብዛኛውን ጊዜ የሶማሌ ተራ ነጋዴዎች ናቸው፤ ዋጋዋም በክፍሎቿ ይተመናል። ሞተርና ካምቢዮ ቀድመው ይወጣሉ፤ በሮችና መስታወቶች ይከተላሉ፤ የቀረው ላሜራ በኪሎ ይመዘናል። ከእርሷ የወጣው ሞተር ሌላ መኪና ላይ ሲገጠም የአዲሱ ባለቤት ሥራ በገጠማው አያበቃም። የሞተሩ ሕጋዊ ማስረጃ ቀርቦ፣ ቁጥሩ በመንገድ ትራንስፖርት ተመርምሮ ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት። ይህ ካልተደረገ በሚቀጥለው ዓመት ለቦሎ ስትቀርብ፣ ወይም ለሌላ ሰው ስትሸጥ፣ ቁጥሩ አልገጠመም ተብላ ትመለሳለች።